ሦስት ስሞች ለአንድ ሰው

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ጉዳዩም ብዙዎቻችን በአደባባይ ከማንደፍረው ወገን ነው። ተስማሙልኝ አልልም፤ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ ብቻ እላለሁ።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ለዘመድ ለቅሶ ዓባይን ተሻግሬ አምበር ነበርኩ። ለማታውቋት፣ አምበር ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ ስትጓዙ መንገድ ዳር የምታልፏት ትንሽ ከተማ ናት። ከለቅሶው ቤት ወጥቼ አንድ ሻይ ቤት ተቀመጥኩ። አጠገቤ አምስት ስድስት ጎረምሶች አንድ ስልክ ላይ ተደፍተው ይስቃሉ። አንገቴን አስግጌ አየሁ። የቆየ የቲክቶክ ቪዲዮ ነው። የአንድ ወጣት ፎቶ ይታያል፤ ድምፁ የሚውልበትን ሰፈር ይናገራል፤ "የምታውቁት ካላችሁ ኮሜንት ላይ አስቀምጡ" ይላል። ልጁ ምን እንዳደረገ፣ ማን እንዳየው የሚናገር ነገር የለም። አንድ ቃል ብቻ ተለጥፎበታል፤ ግብረሰዶማዊ።

ቪዲዮው በ2015 ክረምት ማብቂያ ከተሠራጩት አንዱ ነው። ያን ጊዜ በእኛ በኩል ጦርነት ተነሥቶ ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። ስለዚህ አዲስ አበባን ያመሰው ወሬ አምበር የደረሰው ዘግይቶ፣ ከስልክ ወደ ስልክ እየተላለፈ ነው።

ጥግ ይዘው ጋቢያቸውን የተከናነቡ አንድ አባት ሻይ ይጠጣሉ። "ምንድን ነው እንዲህ የሚያስቃችሁ?" አሉ። አሳዩአቸው።

"ምን አደረገ ነው የሚሉት?"

"አባባ፣ ወንድ ከወንድ ጋር የሚሆን ነው እኮ።"

"ማን አየው?"

ዝም አሉ።

"ማን ከሰሰው? የት ቆሞ ተሟገተ?"

አሁንም ዝም። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ያ ስንት ሠርግ የደገሰልን ሰው ዛሬ በሕይወት ቢኖር፣ እሱንም እንዲህ ልታደርጉት ነበር" ብለው ሒሳባቸውን ከፍለው ወጡ።

"ያ ሰው" ማን እንደሆነ ከጎረምሶቹ አንዱም አላወቀም። እኔ ግን አወቅሁት።

*፩. ወንዳገረድ*

ስሙን አልጠራም፤ ነፍሱን ይማር። እኔ ልጅ ሳለሁ ጎልማሳ ነበር። ድምፁ ቀጭን፣ አካሄዱ ለስላሳ። ከወንዶቹ ጋር ጠላ ቤት ከሚያመሽ ከሴቶቹ ጋር ጥጥ ሲፈትል ማምሸት ይቀናዋል። በእንዝርት አፈታተሉ ግን እናቶቻችን ራሳቸው ይቀኑበት ነበር። እንደምታውቁት በእኛ አገር ዶሮውን የሚባርከው ወንድ፣ አጥቦ የሚገነጣጥለው ሴት ነው። እሱ ግን ከሚገነጣጥሉት ጋር ነበር፤ አሥራ ሁለቱን ብልት እንደ እሱ አሳምሮ የሚያወጣ አልነበረም። ሠርግ ሲደገስ መጀመሪያ የሚጠራው እሱ፣ የወጥ ቤቱም አለቃ እሱ።

እኛ ልጆቹ ከኋላው "ወንዳገረድ! ወንዳገረድ!" እያልን እንሮጥ ነበር። እኔም ብያለሁ። አንዳንዴ ዞር ብሎ ድንጋይ ያነሣ መስሎ ያባርረናል፤ አንዳንዴ ያልሰማ መስሎ ያልፋል። ዛሬ ሳስበው የሚያመኝ ያልሰማ መስሎ ያለፈባቸው ቀናት ናቸው።

ያለፈውን ዘመን ገነት አድርጌ ልሥልላችሁ አልፈልግም። ተሳቆበታል። አላገባም፤ ቤቱ ብቻውን ገብቶ ያድራል። ነገር ግን እድርተኛ ነበር። ሰንበቴ ተራው ሲደርስ ዳቦና ጠላውን ያቀርባል፣ ቀሳውስቱም ባርከው ይቀምሳሉ። ሲሞት ጡሩንባ ተነፋለት፣ ድንኳን ተተከለለት፣ ሴቶቹ ደረት እየመቱ አለቀሱለት። በመኝታ ቤቱ ምን እንደነበረ ማንም አልጠየቀም፤ ማንም ሊያይ በሩን አልገፋም። በአገሩ ዓይን አስቂኝ ሰው ነበር፤ ግን ሰው ነበር።

ይህ የእኔ መንደር ብቻ ታሪክ አይደለም። ሳይመን ሜሲንግ የተባለ አሜሪካዊ የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ ስለ አማራ ደጋማ አገር ያጠናውን የዶክትሬት ጽሑፍ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1957 አቅርቧል። እዚያ ውስጥ በገጠር ያገኛቸውን "ወንድም ሴትም" የሚመስሉ ወንዶች ያነሣል። ሰው እንደ እግዜር ስሕተት ቆጥሮ ይታገሣቸው ነበር ይላል። ቃሉን የጻፈበት ፊደል የተጣመመ ይመስላል፤ እኔ ስገምት ወንዳገረድ የምንለውን ነው። ወንዳወንድ የምንላቸውን ሴቶችም ያነሣል። ቃሎቹ ከውጭ አልመጡም። ቲክቶክም፣ ሆሊውድም፣ የእርዳታ ድርጅትም ሳይኖር አማርኛ ውስጥ ነበሩ። ቋንቋ ላላየው ነገር ስም አያወጣም።

"ይህ ነገር በባህላችን የለም" የሚለውን አረፍተ ነገር ስትሰሙ ይህን አስታውሱ። "ባህላችን አይደግፈውም" ብሎ መከራከር ይቻላል። "የለም" ማለት ግን የገዛ መዝገበ ቃላታችንን መካድ ነው። ሰምና ወርቅ በሚቆጠርበት፣ ዲማ ጊዮርጊስን የመሰለ የቅኔ ደብር ባለው አገር ደግሞ፣ በግልጽ ያልተነገረ ሁሉ የለም ብሎ መደምደም አያምርብንም።

*፪. ግብረሰዶማዊ*

ሁለተኛው ስም ይህ ነው። ሕጉም መድረኩም የሚጠቀሙት እሱን ነው።

ከሕጉ እንጀምር። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 ከተመሳሳይ ጾታ ጋር የሚፈጸምን ወሲባዊ ድርጊት በቀላል እስራት ያስቀጣል። ክልከላው ከ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የተወረሰ ነው። ዛሬ የምጽፈው ይህን አንቀጽ ለማስለወጥ አይደለም። ይሁን እንጂ አንቀጹ የሚለውንና የማይለውን እንለይ። ሕጉ የሚቀጣው የተፈጸመና በፍርድ ቤት የተረጋገጠ ድርጊትን ነው። የድምፅ ቅጥነትን አይቀጣም። የጸጉር አሠራርን፣ የጆሮ ጌጥን፣ አካሄድን አይቀጣም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ሁሉ እስኪፈረድበት እንደ ንጹሕ እንዲቆጠር፣ በአንቀጽ 24 የሰው ክብርና መልካም ስም እንዲጠበቅ፣ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወቱ እንዳይደፈር ደንግጓል። "ከግብረሰዶማውያን በቀር" የሚል ሐረግ የለበትም።

አሁን ወደ 2015 ክረምት እንመለስ። የዚያን ነሐሴ የአዲስ አበባ ሰላምና ጸጥታ ቢሮ በሆቴሎችና በእንግዳ ማረፊያዎች ላይ እርምጃ መውሰድ መጀመሩን አስታወቀ፤ ሕዝቡም እንዲጠቁም ጠየቀ። በዚያው ሰሞን ቲክቶክ ላይ የሰዎች ስምና ፎቶ ይለጠፍ ጀመር። ይገረፉ፣ ይወጉ፣ ይገደሉ የሚሉ ጥሪዎች ተላለፉ። ሐውስ ኦፍ ጉራማይሌ የተባለው የኢትዮጵያውያን የመብት ተሟጋች ቡድን ኩባንያው ቪዲዮዎቹን እንዲያወርድ ተማጸነ። ዓለም አቀፍ የዜና ተቋማት ድብደባ የደረሰባቸውን ሰዎች አነጋግረው ዘገቡ። በ2012 የወጣው የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185 ብሔርን፣ ሃይማኖትን፣ ዘርን፣ ጾታንና አካል ጉዳትን መሠረት ያደረገ ጥላቻን ይከለክላል፤ እነዚህ ሰዎች ግን በዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ስለዚህ ስማቸውን የለጠፈ ሁሉ ምንም እንደማይመጣበት አምኖ ለጠፈ።

እዚህ ላይ የአምበሩን ሰው መልሳችሁ አስቡት። ቀጭን ድምፅ፣ ለስላሳ አካሄድ፣ ያላገባ፣ ከሴቶች ጋር የሚውል። በ2015 ክረምት አዲስ አበባ ውስጥ ቢሆን ከዚህ በላይ ማስረጃ የሚጠይቅ ነበር?

ለዚህ ያበቃን ምንድን ነው? እኔ ከምክንያቶቹ አንዱ መድረኩ ነው እላለሁ። ፊልማችን፣ ድራማችን፣ ቀልዳችን፣ ስብከታችን። እኔ ባየኋቸው ፊልሞችና ኮሜዲዎች ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው የሚገባው በሁለት በሮች ነው። አንደኛው የሳቅ በር ነው፤ ወገቡን እያወዛወዘ፣ እጁን እየሰበረ ይገባል፣ ታዳሚው ይስቃል፣ ይወጣል። ሁለተኛው የእርግማን በር ነው፤ ሀብታም፣ ከውጭ የመጣ፣ ድኻ ልጅ የሚያባብል ጭራቅ ሆኖ ይገባል፣ በመጨረሻ ቅጣቱን ይቀበላል። እናት ያለችው፣ ጾሙን የሚጾም፣ ሌሊት በጸሎት ከራሱ ጋር የሚታገል፣ ታክሲ ተሰልፎ የሚጠብቅ ሆኖ ገብቶ አያውቅም። ከሃያ ዓመት በላይ እንዲህ ያየ ተመልካች፣ እውነተኛውን ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘው ምን ያደርጋል? ወይ ይስቃል፣ ወይ ድንጋይ ያነሣል። ሌላ አልተማረማ።

"ሰዶም" የሚለውን ቃል ካነሣን አይቀር ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 19ን አብረን እናስታውስ። ሁለት እንግዶች ከሎጥ ቤት ገብተው አረፉ። የከተማው ሰዎች ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ተሰብስበው ቤቱን ከበቡ። እንግዶችህን አውጣልን አሉ። በሩን ሊሰብሩ ተጠጉ። ሎጥ በሩ ላይ ቆሞ ለመናቸው። ነቢዩ ሕዝቅኤልም በምዕራፍ 16 የሰዶምን ኃጢአት ሲዘረዝር ትዕቢትን፣ እንጀራ መጥገብን፣ የድኻውን እጅ አለማበርታትን ያነሣል፤ ርኩሰቷንም ይጨምራል። የድርጊቱን ኃጢአትነት በተመለከተ ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረው ግልጽ ነው፤ እኔ አባት ሆኜ አልተረጉምም። አንድ ነገር ግን ልጠይቅ፦ የእንግዳ ማረፊያ ከበን "አውጡልን" ስንል፣ በዚያ ታሪክ ውስጥ የቆምነው ከማን ጋር ነው? ከሎጥ ጋር ነው ወይስ ከደጅ ካሉት ጋር?

*እኛ ዝም ስንል የሚጽፈው ማነው?*

"ይህ የምዕራባውያን አጀንዳ ነው" የምትሉ ወገኖች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ስጋታችሁ ከባዶ የተነሣ ነው አልልም። ዩጋንዳ እንደ ፈረንጆች በ2023 የሞት ቅጣትን ሳይቀር የያዘ ሕግ ስታወጣ የዓለም ባንክ አዲስ ብድር አቁሞባት ነበር። በ2011 ደግሞ ቶቶ ቱርስ የተባለ መቀመጫው ቺካጎ የሆነ አስጎብኚ ድርጅት፣ ደንበኞቹን ላሊበላን ጨምሮ ወደ ቅዱሳን ቦታዎቻችን ሊያመጣ አስቦ ብዙ ቁጣ ቀስቅሷል። የሌላው እጅ ቤታችን ገብቶ ሲያስተካክለን ማንም አይወድም።

ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ ግን የወለተ ጴጥሮስ ነው። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የካቶሊክን እምነት እምቢ ብላ የታገለች፣ በጣና አካባቢ ገዳማትን ያቋቋመች እናት ናት። ገድሏ ካረፈች ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ እንደ ፈረንጆች በ1672፣ ገላውዴዎስ በተባለ መነኩሴ በግዕዝ ተጻፈ። በ2015 ደግሞ፣ አሁንም በፈረንጆቹ፣ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲዋ ዌንዲ ቤልቸርና ማይክል ክላይነር ወደ እንግሊዝኛ ተርጉመው አሳተሙት። ቤልቸር ቅድስቲቱ ከባልንጀራዋ ከእኅተ ክርስቶስ ጋር የነበራትን ትስስርና ስለ መነኮሳይያቱ የሚናገር ምንባብን በተመሳሳይ ጾታ ፍቅር ዓይን አነበበችው። የእኛ ሰዎች ተቆጡ። በአውስትራሊያ ከርቲን ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ይርጋ ገላው በ2020 ረጅም ምሁራዊ ሙግት ጻፈ፤ ትርጉሙን የቅኝ ገዥ አነባበብ ነው ብሎ ተቸው። ሌሎችም ተከተሉ።

ሙግቱን ማን ረታ የሚለውን ለግዕዝ ሊቃውንት እተወዋለሁ። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። በዚያ ክርክር ውስጥ እኛ ያነሣነው ጥያቄ ምን ነበር? "ማስረጃው የት አለ? ቃሉን በአገባቡ ፍቱት። ጓደኝነትን ሁሉ በወሲብ አትተርጉሙ። በማታውቁት ሰው ላይ ስም አትለጥፉ።" ይህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የሰለጠነ፣ የሊቅ ጥያቄ ነው። ከ380 ዓመት በፊት ላረፈች ቅድስት ይህን ያህል ተጠነቀቅን። ለጎረቤታችን ልጅ ግን በሃያ ሰከንድ ቪዲዮ ፈረድንበት። ማስረጃ አልጠየቅንም። አገባቡን አላየንም። ስሙን ለጠፍንበት፣ አጋራነው፣ ሳቅን።

የአምበሩ አባት ሻይ ቤት ውስጥ ያደረጉት ይህንኑ የሊቅ ጥያቄ መጠየቅ ነው። ማን አየው? ማን ከሰሰው? የት ተሟገተ?

*፫. ዜጋ*

ሦስተኛውን ስም ያወጡት ሰዎቹ ራሳቸው ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ በምስጢር የሚተዋወቁ ሰዎች እርስ በርሳቸው "ዜጋ" እንደሚባባሉ ከተጻፈ ዓመታት አልፈዋል። ቃሉን መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ሳቅ መጣብኝ። ቆይቶ ግን ከበደኝ። ሰው ለራሱ የፈለገውን ስም ማውጣት ይችላል፤ ጀግና፣ ንጉሥ፣ ኮከብ ማለት ይችላል። እነሱ ግን የመረጡት እኔና እናንተ መታወቂያ ላይ ይዘነው የምንዞረውን፣ ዋጋውን የረሳነውን ቃል ነው።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የሶሲዮሎጂ ምሁር ጌትነት ታደለ እነዚህን ወንዶች አነጋግሮ ጥናቱን በ2011 በፈረንጆች አሳትሟል። ከጥናቱ የምንረዳው ከሌላ ዓለም የመጡ ሰዎች እንዳልሆኑ ነው። "ወንድ ማለት እንዲህ ነው" የሚለውን እኛ ያደግንበትን ሐሳብ እነሱም ተሸክመውታል፤ ጭንቀታቸውም ከዚያው ይመነጫል። የእኛው ልጆች ናቸው። በእኛው ምሳሌያዊ አነጋገር፣ በእኛው ጾምና በዓል ያደጉ።

እንግዲህ ልመናዬ ለሁለት ወገን ነው።

የመጀመሪያው ለጸሐፊዎችና ለፊልም ሠሪዎች ነው። ቅስቀሳ ሥሩ አልልም፤ ቅስቀሳ መጥፎ ጥበብ ነው። ኬንያዊቷ ዳይሬክተር ዋኑሪ ካሂዩ በ2018 "ራፊኪ" የተባለ የሁለት ወጣት ሴቶች የፍቅር ፊልም ሠራች። የአገሯ የፊልም ቦርድ አገደው። ዳኛ እገዳውን ለሰባት ቀን ብቻ አነሡ፤ የናይሮቢ ሰው ተሰልፎ አየው። በዓመቱ የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ድርጊቱን የሚከለክለውን ሕግ አጸና። ፊልሙ አገሩን አላፈረሰም፤ ሕጉም አልተሻረም። በእነዚያ ሰባት ቀናት ግን ሰዎች ያልተስማሙበትን ታሪክ ተቀምጠው እስከ መጨረሻው አዩ። እኛ አገር ይህ ነገ ይሆናል ብዬ አልጠብቅም። ቢያንስ ግን ቀልድ ሲያጥራችሁ ወንዳገረዱን አትጥሩት። ከጠራችሁትም እናቱን አብራችሁ ጥሩ፤ ሥራውን፣ ጸሎቱን፣ ፍርሃቱን አብራችሁ ጻፉ። ኃጢአተኛ አድርጋችሁ ብትጽፉት እንኳ ሰው አድርጋችሁ ጻፉት።

ሁለተኛው ለእኛ ለተራዎቹ ነው። እምነታችሁን ለውጡ አላልኩም። ልጃችሁን የምታስተምሩትን አስተምሩ። የምለምነው አንድ ጣት ብቻ ነው፤ "አጋራ" የሚለውን የምትጫኑባት ጣት። የሰው ፎቶና አድራሻ ይዞ "ፈልጉት" የሚል ቪዲዮ ሲደርሳችሁ እዚያው ላይ ይቁም። ወንጀል አይቻለሁ የሚል ሰው ፖሊስና ፍርድ ቤት አለለት። በስም ማጥፋት የሚከሰስ ካለ ደግሞ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 613 አለ። ሕግ አስከባሪ ነኝ እያለ ሕግ የሚጥስ መንጋ ነገ በሌላ ስም ወደ እናንተ ደጅ ይመጣል። ባለፉት ዓመታት ሰው በማንነቱ እየተፈለገ መንገድ ላይ ሲጎተት ያየን ሕዝብ ነን፤ ይህ ለእኛ ለአማራዎቹ ሊነገረን አይገባም።

ከአምበር በተመለስኩበት ዋዜማ በቤተ ክርስቲያኑ አለፍኩ። የዚያን ሰው መቃብር ፈልጌ ነበር፤ ሣር ውጦታል፣ ድንጋዩም ዘሟል። አንዲት እናት "ማንን ትፈልጋለህ ልጄ?" አሉኝ። ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው "አዬ፣ እጁ ባለሙያ ነበር፤ የኔንም ሠርግ እሱ ነው የደገሰው" አሉ። ወንዳገረድ አላሉትም። በስሙ ጠሩት።

ዕድሜዬን ሙሉ ስሙን ከሌላ ሰው አፍ እንዲህ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ሐሳባችሁን በጨዋ ቃል አስፍሩ። የሰው ስምና ፎቶ የያዘ ኮሜንት ግን አጠፋለሁ።

ቸር እንሰንብት።